ሐዘኑን የተናገረ ልጅ ኢማኑ አልጎደለም

 

በረመዷን ወር ከተራዊሕ ሰላት በኋላ የሚቀርብልን ጥያቄ አብዛኛው ስለ ጾም ነው። መርፌ ጾም ያፈርሳል ወይ? ቀዷ ያለበት ሰው እንዴት ይክፈል? ሰሞኑን ግን አንድ አባት ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ ሌላ ነገር ጠየቀን። ሴት ልጁ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እንቅልፍ አጥታ፣ ከዶርም መውጣት አስጠልቷት ከከረመች በኋላ ወደ ግቢው የሥነ ልቦና አማካሪ ሄደች። አማካሪዋም ከሌሎች ሴት ተማሪዎች ጋር በሳምንት አንድ ቀን እየተሰበሰቡ የሚመካከሩበት ቡድን ውስጥ እንድትገባ ሐሳብ አቀረበችላት። ልጅቱ አባቷን አማከረች። አባትም "ሸኻችን፣ የቤታችንን ገመና ለባዳ ታውራ? ቁርኣን ብትቀራ አይሻላትም?" አለን።

መልሳችንን ከመንገራችን በፊት ጥፋታችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት እዚያው ቦታ ተቀምጦ "ልቤ ጨለመብኝ፣ መማር አቃተኝ" ብሎን ነበር። ሰላትህን ጠብቅ፣ ዚክር አብዛ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ ብለን ሸኘነው። ምክሩ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅነውም። ሰላቱን አጓድሎ የማያውቅ ልጅ እንደነበር፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድር እንደነበር፣ ከእኛ ሲመለስም "ለካስ የጎደለው ኢማኔ ነው" ብሎ ይበልጥ እንደከፋው የሰማነው ትምህርቱን አቋርጦ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ከእናቱ ነው። በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት ጨመርንበት። አላህ ይማረን።

ሐዘንና ጭንቀት የኢማን ጉድለት ምልክት ቢሆኑ ኖሮ ነቢያት ባልደረሰባቸው ነበር። ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አልቅሰዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃንና አቡ ጧሊብን ያጡበትን ዓመት የሲራ ጸሐፊዎች "የሐዘን ዓመት" ይሉታል። "ያዕቆብ ብሶታቸውን የተናገሩት ለአላህ እኮ ነው" የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሙሳም (ዐ.ሰ.) የተማጸኑት አላህን ነው፤ ሲማጸኑ ግን ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆናቸው ጠይቀዋል። ወደ አላህ መመለስና ሰው አጠገብ እንዲኖረን መፈለግ አይጋጩም። ወባ የያዘው ሰው ዱዓ እያደረገ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ኢማኑን የሚጠራጠርበት የለም።

የቡድን ምክክር ምን እንደሆነ ሳናውቅ መፍረድም አይገባንም። ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ተማሪዎች በሠለጠነ ባለሙያ መሪነት፣ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት ይገናኛሉ። ባለሙያው አስቀድሞ እያንዳንዱን ለብቻው አነጋግሮ ቡድኑ የሚስማማው መሆኑን ያያል። በመጀመሪያው ቀን እዚያ የተሰማ ከዚያ እንዳይወጣ ቃል ይገባባሉ። መናገር ያልፈለገ አይገደድም። መድኃኒትነቱ ካለበት ነገር አንዱ፣ "እኔ ብቻ ነኝ" ብሎ የተሸማቀቀ ልጅ ሌላው ያንኑ ሲናገር መስማቱ ነው። ከተረጂነት አልፎም ሌላውን መርዳት መቻሉን ያያል።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ጆሴፍ ፕራት የተባለ ሐኪም ድሃ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በሳምንት አንድ ቀን ይሰበስብ ጀመር፤ እርስ በርስ መበረታታታቸው እንደጠቀማቸውም አስተዋለ። ከዚያ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባሉት ሙስሊም ሊቅ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በአንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። አካል እንደሚታመም ነፍስም እንደምትታመም፣ ሰውም ራሱን ከማረጋጋቱ ጋር የሌላ ሰው ምክርና ቃል እንደሚያስፈልገው አስረድተዋል። ይህ ከቤታችን የወጣ ዕውቀት ነው።

ወደ ገመናው እንምጣ። ወላጅ የሚፈራው ልጁ ስለ ቤቱ ክፉ እንዳያወራ ነው፤ ሐሜት ሐራም ነውና። ሆኖም ሂንድ ቢንት ዑትባ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ባሏ አቡ ሱፍያን እጀ ጥብቅ መሆኑን፣ ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ስትናገር ሐሜተኛ አልተባለችም። መፍትሔ ተሰጣት እንጂ። ኢማም ነወዊ በ"ሪያዱ ሷሊሒን" ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ በደልን ማመልከትንና ፈትዋ መጠየቅን ከነዚያ ቆጥረዋል። ልጅም ቁስሉን ለመዳን ሲናገር ሊያዋርደን ፈልጎ አይደለም። ኃጢአቱን በዝርዝር መናገርም አይጠበቅበትም፤ አላህ የሸፈነለትን ሸፍኖ ሕመሙን ብቻ መናገር ይችላል።

ይህን ስንል ዓይናችሁን ጨፍኑ ማለታችን አይደለም። መሪው የሠለጠነ ነው ወይ? ለሴቶች ብቻ የሆነ ቡድን አለ ወይ? ሚስጥሩ እንዴት ይጠበቃል? ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። ቡድን ለሁሉም አይሆንም። ሕይወቱን ስለማጥፋት የሚያወራ፣ ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ የሚሰማ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። በዚያች ሰዓት ስለ ሐራምነቱ ብቻ መገሰጽ አይበቃም፤ ብቻውን አለመተው ነው የሚቀድመው። ሩቅያም ቢቀራለት መልካም ነው፤ "ጅን ነው" ብሎ ሕክምናውን ማስቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

የዛሬ ተማሪ የተሸከመውን እናስብለት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ብዙው ከቤተሰቡ ርቆ፣ ሰው በማያውቅበት ከተማ ተመድቦ ይማራል። ጦርነት ከነካው አካባቢ የሄደው ያየውን ይዞ ነው የሄደው። በስልክ "አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ" የሚለን እንዳንጨነቅ ብሎ ሊሆን ይችላል።

እኛስ ብንሆን ብቻውን ያዘነን ሰው ትተን አናውቅም። ለቅሶ ቤት ተሰብስበን የምንቀመጠው፣ ቡና ላይ ጎረቤት የምንጠራው፣ ወሎ ላይ ለዱዓ ስንሰበሰብ የአንዱን ጭንቅ ሰምተን ሁላችን "አሚን" የምንለው ሐዘን ሲካፈሉት እንደሚቀልል ስለምናውቅ ነው። የግቢው ቡድን የእነዚህ ምትክ አይደለም። ልጆቻችን ግን እነዚህ ሁሉ በሌሉበት ነው ያሉት።

ለዚያ አባት ያልነው ይህን ነው፦ "ልጅህ ሳትደብቅ አማክራሃለች፤ ስለነገረችህ እንዳትጸጸት አድርግ። ትሂድ፤ ቁርኣኗንም ትቅራ። አንተም ዱዓ አድርግላት።"

ለእናንተም አደራችን ይኸው ነው። ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ግቢ ላለው ልጃችሁ ደውሉ። ስለ ውጤት አትጠይቁ። "እንቅልፍ ትተኛለህ? ኢፍጣር የምታፈጥረው ከማን ጋር ነው?" በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ለጾም ብሎ እንዳያቋርጥ ንገሩት፤ አላህ ለታመመ ሰው ፈቅዶለታል። ኢማሞችም ከመምከራችን በፊት እንጠይቅ። ያ ወጣት ዛሬ ቢመጣ የመጀመሪያ ቃላችን "ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ?" ይሆን ነበር።

አላህ የልጆቻችንን ልብ ያስፋልን፣ ጾማችንን ይቀበለን። አሚን።