ድንበር ሲሻገር ባለቤት የሚያጣው ባቡር

እ.ኤ.አ. በ2025 የፀደይ ወራት ለሥራ ጉዳይ በርሊን ሰንብቼ ፓሪስ መግባት ነበረብኝ። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «በአውሮፕላን ሂድ» አለኝ። እኔ ግን የሌሊቱን ባቡር መረጥኩ። ለአካባቢ ጥበቃ ተቆርቁሬ ነው ብል እዋሻለሁ፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ክፍያ ለማዳን ነው። ባለ ስድስት ተደራራቢ አልጋ ክፍል ውስጥ የላይኛው ደረሰኝ። ሃምሳን ያለፈ ሰው በሚንቀሳቀስ ባቡር ውስጥ መሰላል ሲወጣ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምተው። አብረውኝ አንዲት አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ ሦስት ተማሪዎችም ነበሩ። ባዶ አልጋ አልነበረም። ጠዋት ቡናና ዳቦ ከማርማላታ ጋር ታደለን፤ ከዚያም ጋር ደ ሌስት ወረድን። የእኛ «ለገሃር» ስሙን ያገኘው ከዚሁ የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

ያ አገልግሎት ከዚያ ዓመት አላለፈም። የኦስትሪያ ምድር ባቡር «ናይትጄት» በሚል ስም ከፈረንሳይና ከጀርመን አቻዎቹ ጋር ያስኬደው የነበረው የፓሪስ–በርሊን መስመር በዲሴምበር 2023 በሆታ ተጀምሮ በዲሴምበር 2025 ቆመ። በ2021 የተከፈተው የፓሪስ–ቪየና መስመርም አብሮ ተዘጋ። የፈረንሳይ መንግሥት ድጎማውን አነሳ፤ ነገሩ አለቀ።

ሰው እየጫነ እንዴት ይከስራል? ስሌቱ ከባድ አይደለም። ተደራራቢ አልጋ ያለው ፉርጎ ቢበዛ 60 ሰው፣ ባለ ሙሉ መኝታ ክፍሉ ደግሞ 36 ሰው ገደማ ይይዛል። የቀን ባቡር አንዱን ወንበር በየጣቢያው ደጋግሞ ይሸጠዋል፤ አልጋ ግን በሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ይሸጣል፤ ቀኑን ፉርጎው ቆሞ ይውላል። በዚያ ላይ ሐዲድ የሚከራየው በኪሎ ሜትር ነው፤ የማታ ሠራተኛ ደመወዝም አለ። የፓሪስ–በርሊኑ ባቡር ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነበር የሚሄደው። ማክሰኞ ይሂድ ሐሙስ የቀን መቁጠሪያ ከፍቶ የሚያይ ነጋዴ አውሮፕላን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። የሕግ ሰው ነኝና ሌላውን ግማሽ የማየው ከድንበሩ ላይ ነው።

ያው የፈረንሳይ መንግሥት ከፓሪስ ወደ ኒስ የሚሄደውን የሌሊት ባቡር በ2021 እንደገና አስጀምሮ መደጎሙን ቀጥሏል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም አንድ መንግሥት አትራፊ ላልሆነ ነገር ግን ለሕዝብ ለሚያስፈልግ የትራንስፖርት አገልግሎት በውል እንዲከፍል ይፈቅዳል። የኒስ ተሳፋሪ ፈረንሳይ ውስጥ ይሳፈራል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ይወርዳል፤ የሚያመሰግነውም የሚቀየመውም የታወቀ ነው። የበርሊኑ ተሳፋሪስ የማን ነው? የፈረንሳይ በጀት «ግማሹ መንገድ ጀርመን ነው» ይላል፤ ጀርመን ደግሞ የራሱን የሌሊት ባቡሮች በዲሴምበር 2016 ዘግቶ ለኦስትሪያውያን የተወ አገር ነው። ስዊዘርላንድም ከዚህ አልራቀችም፤ ከባዝል ወደ ስዊድኗ ማልሞ በ2026 ሊጀመር የታሰበው ባቡር በዲሴምበር 2025 ፓርላማው ገንዘቡን በመከልከሉ ሳይነሳ ቀረ።

ባቡሩን ወላጅ አልባ ያደረገው ይኸው ድንበር አውሮፕላኑን ይጠቅመዋል። ብዙ ሰው የአውሮፕላን ነዳጅ ከቀረጥ ነፃ የሆነው በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ነው ይላል። እውነቱ ከዚህ ይጠባል። አገራችንም አባል የሆነችበት ይህ ስምምነት በአንቀጽ 24 ነፃ ያደረገው አውሮፕላኑ በታንከሩ ይዞት የመጣውን ነዳጅ ነው። እዚያው አየር ማረፊያ ለሚቀዳው ነዳጅ ነፃነቱ የተገኘው አገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ከተፈራረሟቸው የአየር አገልግሎት ስምምነቶችና፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ2003ቱ የኢነርጂ ታክስ መመሪያ ነው። መመሪያው ሁለት አባል አገሮች ከተስማሙ በመካከላቸው ለሚደረግ በረራ ታክስ መጣል እንደሚችሉ ይናገራል። እንግዲህ ፓሪስና በርሊን እጃቸውን ያሰረ ሕግ የለም ማለት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 ይህን ነፃነት ደረጃ በደረጃ ለማንሳት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የታክስ ጉዳይ የሁሉንም አባል አገሮች ስምምነት ስለሚጠይቅ ዓመታት ተንከባለለ።

ለሚዛን ያህል፣ አየር መንገዶች በአውሮፓ ውስጥ ለሚያደርጉት በረራ ከ2012 ጀምሮ በካርቦን ንግድ ሥርዓት ገብተዋል፤ ምንም አይከፍሉም ማለት ስህተት ነው። እኔም ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት በአውሮፕላን ነው። በጭነት ባቡር ተጨናንቆ በየጣቢያው የሚቆም የሌሊት ባቡር የአውሮፕላንን ቦታ ሁሉ ይተካል የሚል ካለም አብሬው አልቆምም። ነገር ግን ማታ ተኝተው ጠዋት ለሚደርሱበት ርቀት፣ ሁለቱ በአንድ የሕግ ሚዛን ሳይመዘኑ «ገበያው ፈረደ» ሲባል መስማት ያሳቅቀኛል። ገበያው የፈረደው መንግሥታት ባበጁለት ሚዛን ነው።

የተተወውን መስመር ለማንሳት የተነሳው መንግሥት አይደለም። በ2023 ከብራስልስ ወደ በርሊን ባቡር የጀመረው፣ በብዙ ትንንሽ ባለአክሲዮኖች ገንዘብና በኪራይ አሮጌ ፉርጎዎች የሚሠራው «ዩሮፒያን ስሊፐር» የተባለ የቤልጅየምና የሆላንድ ኩባንያ፣ ከማርች 2026 ጀምሮ ፓሪስን ከበርሊን ጋር እንደሚያገናኝ በ2025 አስታወቀ። በዕቅዱ መሠረት ባቡሩ የሚነሳው በሳምንት ሦስት ሌሊት ነው።