መጽሐፉ 100 ይላል፣ ውኃው በ92 ይፈላል

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚለውን ቃል በቃሉ የማይወጣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መምህሩ ይጠይቃል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፤ ፈተናውም ሲመጣ ያንኑ ይጠይቅና ያንኑ የመለሰውን ያሳልፋል። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቆረቆረችው በአዲስ አበባ አንድ ልጅ፣ ትልቅ ሰው አጠገቡ ቆሞለት፣ ውኃ ጥዶ ቴርሞሜትር ቢያስገባበት፣ ውኃው እየተንተከተከ የመለኪያው መስመር 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፣ ማገዶ ቢጨመርበትም እንፋሎቱ ይበረታ እንደ ሆነ እንጂ ሙቀቱ ከፍ እንደማይል በዐይኑ ይመለከታል። በዚያች ሰዓት በልጁ ልቡና የሚነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ከመጽሐፉና ከመሣሪያው የዋሸው የትኛው ነው የሚለው፣ ዓመት ሙሉ በቃል ከተጠናው ትምህርት ሁሉ ይልቅ ለሳይንስ የቀረበ ነው።

መልሱም ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው። በላያችን የተዘረጋው አየር ክብደት አለው፤ ያም ክብደት የውኃውን ገጽ ተጭኖ እንደ ልቡ እንፋሎት ሆኖ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። መጽሐፉ የሚናገረው አየሩ ሙሉ ክብደቱን በሚጥልበት በባሕር ጠለል ስለሚፈላው ውኃ ሲሆን፣ ወደ ደጋ በወጣን መጠን ከላያችን ያለው አየር እየሳሳ፣ ጫናውም እየቀለለ ስለሚሄድ ውኃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እንዲህ በመሆኑ በደብረ ብርሃን የተለካ እንደ ሆነ ከአዲስ አበባም ዝቅ ይላል፤ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በሚወርደው በዳሎል አካባቢ የተለካ እንደ ሆነ ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። ንፍሮ በደጋ አልበስል እያለ ማገዶ እንደሚፈጅ ከእናቱ የሰማ ልጅ ምክንያቱን በዚሁ ያገኘዋል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቃል እውነት የሚሆነው በየትኛው ስፍራና በምን ሁኔታ እንደ ሆነ መጠየቅን ይለምዳል፤ ይህም ልማድ ወደ ፊት በሚማረው ትምህርት ሁሉ ላይ የሚያገለግለው ነው።

ይህ ጸሐፊ የሚለው እንግዲህ ይህ ነው፦ በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል የሚሰጠው ሳይንስ በእጅና በዐይን ተጀምሮ በመጽሐፍ ይፈጸም ዘንድ ይገባል፤ ይህም እስካሁን ያልሆነው ዘወትር እንደሚባለው በድህነታችን ምክንያት ሳይሆን በአመዛኙ ፈተናችን በሚጠይቀው ነገርና ብርጭቆ ይሰበርብናል በሚለው ፍርሃታችን ምክንያት ነው። ስለ ዕድሜውም ቢሆን ምክንያት አለን። የዐሥራ አንድና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መለካት፣ መቍጠር፣ ማካፈልና ያየውን በጽሑፍ ማስፈር ይችላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ጎረምሳ ጥያቄዬ ያስቅብኛል ብሎ አፉን ገና አልዘጋም። ችሎታውና ድፍረቱ አብረው የሚገኙበት ይህ ዘመን አጭር ስለ ሆነ፣ ቤተ ሙከራው ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ይደርስለታል ብሎ ማቆየት የማይመለስ ጊዜ ማባከን ይሆናል።

በቃል ማጥናት ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ስለ ሆነ ሊለወጥ አይችልም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙናል። እነዚህ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት እኩሌታውን ብቻ ያወሳሉ። ንባብ ቤት ፊደልና ዳዊት በቃል የሚጠኑበት መሆኑ እርግጥ ነው፤ ቅኔ ቤት የገባ ደቀ መዝሙር ግን የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ በመድገም ብቻ ተመረቅ አይባልም። ከሁለቱ ቤት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ብቻውን ተቀምጦ አውጥቶና አውርዶ፣ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰዋስውና ምሥጢር የጎደለውን አርሞ ይመልሰዋል፤ እርሱም በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። መሞከር፣ መሳሳት፣ መታረምና እንደገና መሞከር በዚህች አገር እንግዳ ሥርዓት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ቅኔ ቤት ለቃል ያደረገውን የሳይንስ ክፍል ለተፈጥሮ ያድርገው ማለታችን ነው።

እስቲ አንዲቱን ትምህርት ከቅርብ እንመልከት። ስድሳ ልጆች ያሉበት ክፍል ነው እንበል፤ መምህርቱ በስድስት በስድስት ከፍላ ዐሥር ቡድን ታደርጋቸዋለች። ለእያንዳንዱ ቡድን የሚያስፈልገው ሲባጎ፣ አንድ ትንሽና አንድ ከበድ ያለ ጠጠር፣ ማስመሪያ፣ እንዲሁም በግድግዳው ላይ ወይም በመምህርቱ ክንድ ላይ ያለ ሰዓት ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ሲባጎውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሁለተኛው ጠጠሩን ጥቂት ሳብ አድርጎ ይለቃል፤ ሦስተኛው ሄዶ የተመለሰውን አንድ እያለ ይቈጥራል፤ አራተኛዋ ደቂቃውን ትጠብቃለች፤ አምስተኛዋ ትጽፋለች፤ ስድስተኛው ቈጣሪው እንዳይሳሳት ለብቻው ይቈጥራል። ከመጀመራቸው በፊት መምህርቱ አንድ ጥያቄ ታቀርባለች፦ ጠጠሩ ቢከብድ ፈጥኖ ይወዛወዛል ወይስ ዘግይቶ? እያንዳንዱም ግምቱን በደብተሩ ያሰፍራል። ብዙዎቹ ከባዱ ይፈጥናል ብለው ይጽፋሉ።

ከዚያም ይቈጥራሉ። ሲባጎው ከማሰሪያው እስከ ጠጠሩ መካከል 25 ሳንቲሜትር የሆነ እንደ ሆነ በአንድ ደቂቃ 60 ያህል ምልልስ ያገኛሉ፤ ትንሹን አውርደው ከባዱን ቢያንጠለጥሉም፣ ርዝመቱን እስካልነኩት ድረስ፣ ያው 60 ይመጣል። አንዳንዱ ቡድን በቍጥሩ ተጠራጥሮ ይደግማል፤ አንዳንዱም ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፤ መምህርቱም ዳኝነቱን ለሲባጎው ትታ ታዳምጣለች። ርዝመቱን ወደ 50 ሳንቲሜትር ሲያወጡት ቍጥሩ ወደ 42፣ ወደ አንድ ሜትር ሲያወጡት ወደ 30 ይወርዳል። እንግዲህ ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ቍጥሩ እኩሌታ መሆኑን ያስተዋለች አንዲት ልጅ ከመካከላቸው ብትገኝ፣ የፊዚክስን ሕግ ማንም ሳይነግራት በራሷ እጅ ደርሳበታለች ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ወጪ የአንድ ልቃቂት ሲባጎ ዋጋ ነው።

ሲባጎ እንኳ የማያስፈልገው ትምህርትም አለ። በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተተክሎ፣ ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ በቀትር የጥላው ጫፍ በድንጋይ ምልክት ቢደረግበት፣ የአዲስ አበባ ልጆች ጥላው ወደ ሰሜን ወድቆ ሲከርም፣ እስከ ታኅሣሥ ሲረዝምና ከዚያ በኋላ ሲያጥር፣ በሚያዝያም የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ ከእንጨቱ ሥር ሲጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ደቡብ ሲዞር ያያሉ። አበው ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የጾሙንና የቅዳሴውን ሰዓት ይወስኑ ነበር፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በቍጥር ይዘው በዓላትንና አጽዋማትን አውጥተዋል። የምድርን ዘንበል ማለትና የወቅቶችን መፈራረቅ በሥዕል ብቻ የተማረ ልጅ ቢረሳው አይፈረድበትም፤ ጥላው ሲዞር በእግሩ ተከታትሎ የለካው ግን እስኪያረጅ ድረስ አይረሳውም።

የማስተዋልን ዋጋ ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። እንዶድን እናቶቻችን ለልብስ ማጠቢያ ሲጠቀሙበት ብዙ ትውልድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በዐድዋ አካባቢ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው እንደሚገኙ ተመለከቱ፤ ተመልክተውም አላለፉትም፤ ስለ ምን ሞቱ ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄውንም በሙከራ ፈተኑት። በዚህና በተከታዩ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ወንዙም፣ እንዶዱም፣ ቀንድ አውጣውም ከጥንት ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ የጎደለው ጠያቂ ዐይን ነበር። ያን ዐይን የሚያሠለጥነው እንግዲህ የትኛው ትምህርት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ እንቅፋቶቹ እንመለስ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ መሣሪያ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም፤ በርዳታ ወይም በመንግሥት የመጣ ሣጥን በአንድ ጥግ ተቈልፎ፣ አቧራ ለብሶ ይገኛል። የሚቈለፍበትም ምክንያት መምህሩ ቈጥሮ፣ ፈርሞ የተረከበው ንብረት ስለ ሆነና አንድ ብልቃጥ ቢሰበር ከደመወዙ እንዳይቈረጥ ስለሚሠጋ ነው። በመሆኑም ሣጥኑን የማይከፍት መምህር ንብረት ጠባቂ ተብሎ ይመሰገናል፤ የከፈተው ግን ይጠየቃል። ይህ ደንብ ሳይለወጥ የመምህሩን ስንፍና መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ሳይንስ የሚማር ልጅ ብርጭቆ መስበሩ እንደማይቀር አውቆ፣ ለዚያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በየዓመቱ በበጀት ማስያዝና መምህሩን ከዕዳ ነጻ ማውጣት ነው።

ሌላው እንቅፋት ሙከራን ከትርኢት ጋር ማደባለቅ ነው። መምህሩ ከፊት ቆሞ ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅሎ አረፋ ሲያስነሣ፣ ልጆቹም አጨብጭበው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ እጃቸው ምንም አልነካም፤ አእምሯቸውም ምንም አልገመተም። አስቀድሞ ግምት ያልተጻፈበት፣ በኋላም ልኬትና ክርክር ያልተከተለው ሙከራ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለይቶ ማስተማር የሚችለው ደግሞ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለ ሲባጎውን ራሱ አንጠልጥሎ የቈጠረ መምህር ነው፤ ስለ አሳታፊ ዘዴ ማስታወሻ ብቻ ተጽፎለት የተመረቀው፣ ባዶ እጁን ክፍል ቢገባ የሚያስገርም አይደለም።

የመጨረሻውና የሁሉ ራስ የሆነው እንቅፋት ፈተናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በፊዚክስ የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሻርፓክ፣ ከአገሩ የሳይንስ አካዳሚ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በእጅ የሚሠራ የሳይንስ ትምህርት ባስጀመረ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን፣ የሠራውንና ያገኘውን በራሱ ቃል የሚጽፍበት የሙከራ ደብተር የዚያ ትምህርት ዋና ክፍል ሆነ። እኛም ይህን ልንሠራ የሚከለክለን የለም። ደብተሩ በየክፍሉ ማርክ ይያዝበት፤ በስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ላይ የሠራ ልጅ ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ ይግባ። ከ25፣ ከ50ና ከ100 ሳንቲሜትር ሲባጎ የተገኘው ቍጥር በሠንጠረዥ ቀርቦ ጠጠሩ እጥፍ ቢከብድ ምን ይሆናል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱን ከመጽሐፍ የሸመደደው ሳይሆን የቈጠረው ልጅ ያገኘዋል። ፈተናው ይህን መጠየቅ የጀመረ ዕለት፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ሲባጎ በየክፍሉ ይገባል።

ስለዚህ የትምህርት ቢሮዎች ፈተናውን ያሻሽሉ፤ ርእሳነ መምህራን የተቈለፈውን ሣጥን ያስከፍቱ፤ መምህራንም ሣጥን የሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ ቢሆን እንጨትና ጥላ፣ ሲባጎና ጠጠር እንደማያጣ ያስቡ። ወላጆችም ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስንት አመጣህ ከማለታቸው በፊት ዛሬ ምን ለካህ፣ ምንስ አገኘህ ብለው ይጠይቁት።