የትውልድ ሐረግ በጽሑፍ ይቀመጥ

በቆየው የገጠር ልማዳችን፣ በተለይም በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል፣ ሁለት ወጣቶች ከመተጫጨታቸው በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘር ይቆጥራሉ። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ምንዥላትና ወደ እንጅላት እየወጡ፣ ሁለቱ ቤተ ሰቦች እስከ ሰባት ቤት ድረስ አለመዛመዳቸውን ያረጋግጣሉ። በሶማሌ ሕዝብ ዘንድም ልጅ የአባቶቹን ስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቃሉ ይይዛል። እነዚህ ሽማግሌዎች በእጃቸው አንዲት ወረቀት እንኳ የላቸውም፤ መዝገባቸው ልባቸው ነው። ሽማግሌው ሲያልፍ መዝገቡም አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ በየአካባቢው የትውልድ ሐረግን የሚመዘግብ ማኅበር ሳይውል ሳያድር ሊቋቋም ይገባል እላለሁ።

ቀደም ባለው ጊዜ የትውልድ ሐረግን ማወቅ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ጎጃምንና በጌምድርን በመሳሰሉት የርስት አገሮች አንድ ገበሬ መሬት ይገባኛል ሲል፣ ከአቅኚው አባት መወለዱን በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። የርስት መብት በአባትም በእናትም በኩል ይገኝ ስለ ነበር፣ ቆጣሪው የሴት አያቶቹንም ስም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ግን ይህ ሙግት ቀረ። የሙግቱ መቅረት የሚያስቆጭ አይደለም፤ የሚያስቆጨው ዕውቀቱ ከሙግቱ ጋር መረሳቱ ነው። ልጅ የሚከራከርበት መሬት ስለሌለው አባቱን መጠየቅ ተወ።

የስም አጠራራችንም ለመርሳት የተመቸ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤተ ሰብ መጠሪያ ስም ቢደነግግም፣ ድንጋጌው እምብዛም ሥራ ላይ አልዋለም። በመሆኑም አዲስ ልጅ በተወለደ ቁጥር ከሐረጉ ጫፍ አንድ ስም ይወድቃል። መንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ይህ መዝገብ ቀድመው ያለፉትን አያቶቻችንን አይደርስላቸውም።

በሌሎች አገሮች ይህን ሥራ የያዙ ማኅበራት አሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በ1845 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኒው ኢንግላንድ የታሪክና የትውልድ ሐረግ ማኅበር እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። እኛ ግን ትልቅ ተቋም እስኪመሠረት ድረስ መጠበቅ አያስፈልገንም። በእድርና በጽዋ ማኅበር መሰባሰብን የለመደ ሕዝብ፣ ለዚህ ሥራ የሚጎድለው ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ነው። ሽማግሌው ይናገራል፤ ወጣቱ ይጽፋል። ከዓለማዊው ስም ጋር የክርስትናው ስም ካለ እሱም ይመዝገብ። አንድ አዛውንት «አያቴ የሞቱት በኅዳር በሽታ ነው» ቢሉ፣ ጸሐፊው 1911 ዓ.ም. ብሎ ያሰፍራል፤ «አባቴ ከማይጨው አልተመለሱም» ቢሉ ደግሞ 1928 ዓ.ም. ብሎ ይጽፋል።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰው በሐረጉ ላይ ዝነኛ አያት መጨመር፣ ያፈረበትንም ዘመድ መተው ይወዳል። በርስት ሙግት ዘመን አንድ ስም ማስገባት መሬት ያስገኝ እንደ ነበረም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የነገረው ሰው ማን እንደ ሆነ ይጻፍ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩም የሁለቱም ቃል ይመዝገብ።

አንዳንድ ሰዎች ዘር መቁጠር ሕዝብን ይከፋፍላል ይሉ ይሆናል። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ፋቂው በዘራቸው ተንቀዋል፤ ከባሪያ ተወለደ የተባለ ሰውም የጋብቻ በር ተዘግቶበታል። ሆኖም ሐረጉን በሙሉ የመረመረ ሰው ሌላውን ለመናቅ ድፍረት ያጣል። እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ማንኛውም ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። ቁጥሩ በየትውልዱ እየታጠፈ ሲሄድ በሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል፤ የሰባቱም ትውልድ ሲደመር 254 ይሆናል። እንግዲህ በአባቱ ወገን ብቻ ሰባት ስም ቆጥሮ የሚኮራ ሰው ከ254ቱ የሚያውቀው ሰባቱን ነው። የቀሩት 247ቱ ከየት እንደ መጡ፣ በምን ቋንቋ ይናገሩ እንደ ነበረ፣ ሸማኔ ይሁኑ መኳንንት አያውቅም። በማያውቃቸው በእነዚህ ሰዎች ስም «ዘሬ ንጹሕ ነው» ብሎ መማል ከየት የመጣ ድፍረት ነው? የእናት ወገን ከአባት ወገን እኩል ይመዝገብ የምለውም ስለዚህ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችንም እናውቃለን። ማኅበሩ እስኪቋቋም ድረስ ሥራውን ከእናንተ ከተማሪዎች የተሻለ ሊጀምረው የሚችል የለም፤ መጻፍ ታውቃላችሁ፣ አያቶቻችሁም ገና በሕይወት ይኖሩ ይሆናል። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ደብተራችሁን ይዛችሁ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁም «እማማ፣ የእናትዎ እናት ስማቸው ማን ይባል ነበር?» የሚል ይሁን።