ክረምት የማያወርደው ፖስተር

የኮንሰርት ፖስተር ዕድሜው አጭር ነው። ዝግጅቱ ባለቀ ማግስት ግማሹ በሌላ ማስታወቂያ ይሸፈናል፣ የቀረውን ዝናብ ከአጥሩ ላይ ያወርደዋል። ሳይለጠፍ የቀረ አንድ ፖስተር አግኝቶ፣ ድምፃዊውን አስፈርሞ፣ በፍሬም ሳሎን መስቀል እንግዲህ የወጣቶች ትርፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ “እኛም ነበርን” የሚልበት ማስረጃ ነው።

ይህ ማስረጃ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ሰው የበለጠ ዋጋ አለው። ትልቅ ኮንሰርት ለማየት ወይ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ መጓዝ፣ ወይ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ባሕር ዳር መግባት ያስፈልጋል። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር፣ ጥር 2010 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ላይ ሲዘፍን፣ በ2017 ዓ.ም. ማህሙድ አህመድ በሚሊኒየም አዳራሽ መድረኩን ሲሰናበት፣ ከእኛ ከተማ ለሚነሳ ሰው ነገሩ የአንድ ምሽት ሙዚቃ ብቻ አይደለም። የመኪና ወጪው፣ ማደሪያው፣ የዘመድ ቤቱ ሁሉ አብሮ አለ።

ፊርማም ጊዜ አለው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ አዲስ ፊርማ የሚሰጠን የለም። አንጋፋዎቹን በሕይወት ሳሉ በትሕትና ማስፈረም ነው። የተፈረመ ፖስተር ከሰው የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ይዩት። በእጅ የተጻፈ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከሕትመቱ በላይ ለብቻው ያበራል፣ አብሮ የታተመ ፊርማ ግን ከሥዕሉ አይለይም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጥበቃ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቷ እርጥበት፣ በጋዋ ኃይለኛ ፀሐይ ነው። እርጥበት ወረቀቱን ያሻግታል፣ ፀሐይ ፊርማውን ያደበዝዛል። ስለዚህ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይ ወይም ከመስኮት ፊት ለፊት አይስቀሉት። ፍሬም ሠሪው በጠርዙ ዙሪያ ካርቶን አድርጎ መስታወቱን ከወረቀቱ እንዲያርቀው ይንገሩት፤ እርጥበት ሲገባ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ይጣበቃልና። ስኮችና ማስቲሽ አያስነኩት፣ ላሚኔትም አያስደርጉት፤ አንዴ ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። ዕጣንና የቡና ጭስ ከሚበዛበት ጥግም ያርቁት። በጣም የሚሳሱለት ከሆነ ደግሞ ቅጂውን ሰቅለው ዋናውን ሳይጠቀልሉ ደረቅና ጨለማ ቦታ ያስቀምጡት።

አንድ ነገር ይቀራል። አንዳንዱ ፖስተር ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ይጽፋል፣ ዓመተ ምሕረቱን ማንም አይጠይቅም ብሎ ይተወዋል። ፍሬም ከመግባቱ በፊት ከጀርባው በእርሳስ ዓመቱን፣ ከማን ጋር እንደሄዱ፣ የት እንዳደሩ፣ ማን እንዳስፈረመው ይጻፉ። ዛሬ ሁሉም ትዝ ይለናል፤ ልጆቻችን ግን ፖስተሩን ሲወርሱ እኛን የሚጠይቁበት ጊዜ ላይኖር ይችላል።