ቀይ ወይን ደም አይተካም፤ የ10 ዓመቱም ቢሆን!



ሰሞኑን ከመካነ ሰላም አንድ አባት በውስጥ መስመር እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦ «ዶክተር፣ ባለቤቴ ከወለደች 9 ቀኗ ነው። ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ አሁን ስትነሳ ያዞራታል። ወንድሟ ከፈረንሳይ ሲመጣ ሲራህ የሚባል 10 ዓመት የቆየ ቀይ ወይን አምጥቶላታል። ጠያቂው ሁሉ ‹ደም ይተካል፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ ትጠጣ› ይላል። የአይረን ኪኒኑ ሆዷን ስላመማት ትታዋለች። ወይኑ ይበቃታል ወይ?»

ለእሳቸው ወዲያውኑ መልሻለሁ፦ ወይኑን ይተዉት፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። ይህን የምጽፈው ግን ለሌሎቻችሁ ነው። ምክንያቱም «ቀይ ወይን ደም ይተካል» የሚለው ወሬ ከሠፈር ጠያቂ ብቻ አይደለም የሚሰማው። ከእኛ ከጤና ባለሙያዎች አንዳንዶቻችንም ለአራስም፣ ለደም ለጋሽም፣ ደም ላነሰው ሁሉ እንናገረዋለን። ልናፍርበት ይገባል!

👉 ቀይ መሆኑ ደም አያደርገውም

የወይኑ ቅላት የሚመጣው ከወይን ፍሬው ልጣጭ ነው። ደማችን ቀይ የሆነው ደግሞ ብረት በያዘው ሄሞግሎቢን ነው። ሁለቱ ከቀለማቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ደም የሚሠራው መቅኔያችን ነው፤ ለሥራውም ብረት፣ ፎሌትና ቫይታሚን ቢ12 ይፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

👉 እንዲያውም ብረቱን ይሻማል

ጥሩ ሲራህ የቀመሰ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ መልኩ ጥቁር ሊባል የሚደርስ ቀይ ነው፣ የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው፣ ሲዋጥ ደግሞ ምላስንና ድድን ድርቅ ያደርጋል። ይህ ድርቀት የሚመጣው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ወይኑን ለዓመታት እንዲቆይ ከሚረዱት ነገሮችም አንዱ ታኒን ነው። ታኒን በሻይም ውስጥ አለ። እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች በአንጀት ውስጥ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ይይዙና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ስለዚህ አራሷ ምስር ወጧን በልታ ቀይ ወይን ብታስከትል፣ ከምስሩ ልታገኝ የነበረውን ብረት ራሷ ታስቀንሳለች ማለት ነው።

👉 «የቆየ ስለሆነ መድኃኒት ነው» ለሚሉ

የሲራህ አገሩ ፈረንሳይ፣ የሮን ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ኤርሚታዥና ኮት ሮቲ በሚባሉት ሥፍራዎች የሚጠመቀው ጥሩው ወይን ጠርሙሱ ተጋድሞ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ላይ 10 እና 20 ዓመት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ታኒኑ ይለዝባል፣ ቀለሙ ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል፣ ከሥሩ አተላ ይዘቅጣል፣ የፍሬው ሽታም ወደ ቆዳና ወደ ጭስ ይጠጋል። የተለወጠው ጣዕሙ ነው። አልኮሉ ግን የነበረው ያህል ነው! ቆይታው ብረት አይጨምርለትም፣ ቫይታሚን አይወልድለትም። ዋጋውን ያንረዋል እንጂ መድኃኒት አያደርገውም።

የእኛው አገር ሲራህም ያው ነው። የፈረንሳዩ ካስትል ዝዋይ (ባቱ) ላይ ወይን ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊ ሲራህን ለገበያ አቅርቧል። የፈረንሳዩም ሆነ የዝዋዩ፣ 13 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 77 ግራም ንጹህ አልኮል ይይዛል። የምታጠባ እናት ስትጠጣ አልኮሉ በደሟ ውስጥ ባለው መጠን ያህል ወደ ጡት ወተቷ ይገባል። የ9 ቀን ሕፃን ጉበት ይህን የሚችል አይደለም።

👉 «ለልብስ ጥሩ ነው ይባል የለ?»

ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ፈረንሳዮች ቅባት እየበሉ ልባቸው የሚተርፈው በቀይ ወይን ሊሆን ይችላል ብሎ ዓለምን አዳረሰ። በኋላ ጥናቶቹ በደንብ ሲታዩ፣ «የማይጠጡ» ከተባሉት መካከል ቀድሞውኑ ታመው መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ በመጠኑ የሚጠጡት ደግሞ ብዙዎቹ ኑሮ የተሻላቸው ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በግልጽ ተናግሯል፦ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመደበም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጤነኛ አዋቂ ሰው ለጣዕሙ ብሎ አንድ ብርጭቆ ቢቀምስ የራሱ ውሳኔ ነው፤ ጉዳቱን አውቆ ይጠጣ። ጠቤ መጠጡን «መድኃኒት» ብሎ ለአራስ፣ ለነፍሰ ጡርና «ደም አንሶታል» ለተባለ ልጅ ከሚያቀርበው ጋር ነው። ምክንያቱም እናቲቱ ወይኑን ታምናለች፣ ኪኒኑን ትተዋለች፣ ሆስፒታል የምትሄድበት ቀን ያልፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

✅ የአይረን ኪኒኑ ሆድ ካመመ በራስ አይቋረጥ። ከምግብ ጋር ወይም ማታ መውሰድ ይረዳል፤ ካልሆነም ባለሙያ ይለውጠዋል። ሰገራ ቢጠቁር አያስደንግጥ።
✅ ቡናና ሻይ ከኪኒኑም ከምግቡም ቢያንስ 1 ሰዓት ይራቁ። የወሎ ቡና ይቅር አላልኩም፤ ሰዓቱን እንለይለት።
✅ ሥጋ፣ ጉበት፣ ምስር፣ ጎመን፤ ከጎናቸው ሎሚ ወይም ብርቱካን። ገንፎውና አጥሚቱም ይቀጥል።
🚨 አራሷ ራሷን ከሳተች፣ ልቧ በኃይል ከመታ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም ደሙ ልብስ አርሶ ካላቆመ አንድ ሰዓትም አትጠብቁ! ከቦረና ገጠር መካነ ሰላም ለመድረስ መንገዱ ሩቅ ለሆነባችሁ ደግሞ ቶሎ መነሳት የበለጠ ግድ ነው።

አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ጠርሙሱን ትታችሁ ብርቱካንና ሥጋ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ለአባቶች፣ ለአማቶችና ለጎረቤቶች አጋሩት።

መልካም ጤና!