ድንጋዩ ምን በደለ? ሠራተኛዪቱስ?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለማኅበራችን የሽምግልና ኮሚቴ አንድ ክርክር ቀርቦ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እመቤት ለበዓል ቤታቸውን ሲያሰናዱ የሳሎኑ እብነ በረድ ወዙ እንደ ጠፋ አዩና ከሱቅ አንድ ጠርሙስ አሲድ አስገዙ። ሻጩ «ይኼ ያላነጣው ነገር የለም» ብሎ ሸጠላቸው። እሳቸውም ለቤት ሠራተኛዪቱ ሰጥተው «አፍስሺና ፈግፍጊው» አሏት። ልጅቱ እንደ ታዘዘችው አደረገች። ወለሉ ተንጨረጨረ፤ አረፋ ደፈቀ። ሲደርቅ እንደ ጠመኔ ነጣ፤ ሲዳስሱትም ሻከረ። እመቤቲቱ ደነገጡና «በይ በበረኪና እጠቢው» አሉ። አሲዱ ከወለሉ ሳይጠራ በረኪና ተደፋበት። የዚያን ጊዜ የወጣው ጋዝ የልጅቱን ጉሮሮ አንቆ ጣላት። ጎረቤት ደርሶ ወደ ደጅ ባያወጣት ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

ይህ ሳያንስ፣ ልጅቱ ከሕክምና ስትመለስ የጠበቃት «ወለሉን አበላሽተሻል፤ ከደሞዝሽ ይቆረጣል» የሚል ቃል ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው! ኮሚቴው ሁለቱንም ወገን አነጋግሮ ደሞዟ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈላት ወስኗል። ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ አልተከፈላትም። ስም አንጠራም፤ የሚመለከተው ሰው ራሱን ያውቃል።

ከዚህም አልፎ አንዳንድ ጎረቤቶች «ኮሚቴው በሰው ሳሎን ምን ጥልቅ አደረገው?» እያሉ በየቡናው ሲያወሩ ሰምተናል። መልሱን እዚሁ በግልጽ እንሰጣለን።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው?

እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ወንድም ነው። ከምዕራብ ኢትዮጵያ ከዳለቲ የመጣውም ሆነ ከውጭ አገር በመርከብ የተጫነው፣ ሁሉም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። አሲድ ካልሲየም ካርቦኔትን ያሟሟል። አረፋው የሚወጣው ድንጋዩ እየፈረሰ ጋዝ ስለሚለቅ ነው። አሲዱ ቆሻሻውን አላጠበም፤ ድንጋዩን ነው የበላው። ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ ለስላሳ መጠጥም ቀስ እያሉ ያንኑ ያደርጋሉ። የሱቁ ጠርሙስ በደቂቃ የሚያደርሰውን ጉዳት ሎሚ በሰዓት ያደርሰዋል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ልጅቱ ይህን ከየት ታውቃለች? ማን ነገራት? ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እንኳ አልነበረም። የሸጠው ሰው አልነገረም፤ የገዛው ሰው አልጠየቀም። ያልተነገራት እሷ ግን ከፋይ ሆነች።

ስለ ጋዙም እንናገር። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር በተባለው ከተማ አጠገብ ወታደሮችን የፈጀው ያው ጋዝ ነው። ጄኔራሎች በጦር ሜዳ የለቀቁትን መርዝ እኛ በዝግ ሳሎን ውስጥ፣ ጓንት እንኳ ባልሰጠናት ልጅ ላይ እንለቃለን? ይህን ለማለት ኮሚቴ መሆን አያስፈልግም፤ ሰው መሆን ይበቃል።

የግድግዳውም ጉዳይ አለ

አሁን ደግሞ ከሳሎን ወደ ደጅ እንውጣ። በሰፈራችን ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በጥርብ ጥቁር ድንጋይ የተገነቡ፣ መጋጠሚያቸውም ጭቃ ወይም ኖራ የሆነ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ «ማሳመር» የሚሉት ፈሊጥ ገብቷል። ግንበኛ ይጠራል፤ ድንጋዩ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ በላዩ የዘይት ቀለም ይለቀለቃል። ለበዓል ያምራል። ክረምት ሲመጣ ግን ጉዱ ይወጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የድንጋይ ግድግዳ ከሥሩ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ከላይ ከጣራ ዝናብ ይጠጣል። ያ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ድሮ በኖራው መጋጠሚያ በኩል እየተነፈሰ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ሲለብሰው ግን በሩ ተዘጋበት። ውሃው ወደ ውስጥ ዞሮ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ሆኖ ይወጣል። ውሃው ሲደርቅ ደግሞ ይዞት የመጣው ጨው በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይጠጥርና የድንጋዩን ፊት እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። ሲሚንቶው ጠንካራ፣ ጭቃው ደግሞ ከእሱ የላላ ስለ ሆነ፣ ድንጋዩም ከሲሚንቶው የላላ ዓይነት ከሆነ፣ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ነው። መጋጠሚያ ምን ጊዜም ከድንጋዩ የላላ መሆን አለበት። መጋጠሚያ ቢረግፍ ይጠገናል፤ ድንጋይ ከረገፈ ግን ማን ይመልሰዋል?

አሁን «በሰው ቤት ምን አገባችሁ?» ላሉት መልሳችንን እንስጥ። የሰፈራችን ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቤት ግድግዳውን በሲሚንቶ ሲያፍን፣ መውጫ ያጣው እርጥበት በጋራው ግድግዳ በኩል ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በሰፈራችን ታችኛው መንገድ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ባለፈው ክረምት አልጋቸውን ከግድግዳ አርቀው መሀል ቤት አድርገው ከርመዋል። እሳቸው አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ አልለሰኑም። የለሰነው ጎረቤታቸው ነው። እና አያገባንም?

«ያለ ሲሚንቶ ግድግዳ ይወድቃል» ለሚሉ

ይህን የሚሉ ግንበኞች አሉ። እንጠይቃቸው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። አፄ ፋሲለደስ የጎንደርን ግንብ ያሠሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ነው። ግንቡ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሐረር ጀጎል ቤቶችም በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው ኖራ እየተቀቡ ነው የኖሩት። ሲሚንቶ ለአዲስ ፎቅ ጥሩ ነገር ነው፤ አንጠላውም። ለአሮጌ ድንጋይ ግን በሽታ ነው። ሁሉም መድኃኒት ለሁሉም በሽተኛ አይሰጥም።

«ኖራ ውድ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል» የሚሉም አሉ። ጊዜ ይፈጃል፤ እውነት ነው። ግን በየሦስት ዓመቱ የረገፈ ልስን አራግፎ እንደገና መለሰንና እንደገና መቀባትስ ርካሽ ነው? ሒሳቡን እያንዳንዱ በየቤቱ ያስላው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መንቀፍ ብቻ እንዳይሆንብን፣ ማንም ሰው በእጁ ሊሠራው የሚችለውን እናስቀምጣለን።

1ኛ/ መጀመሪያ ድንጋይህን ዕወቅ። ሰው በማያየው ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ ሎሚ አድርግ። አረፋ ካወጣ ወይም ከቆይታ በኋላ ቦታው ከደበዘዘ እብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ነው፤ አሲድ የሚባል ነገር አይቅረበው። ቦታውን ወዲያው በውሃ እጠብ። በተጨማሪም ጠብታ ውሃ አድርገህ ጠብቅ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጠጣው ድንጋዩ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ዘይትም ቡናም እንዲሁ ይጠጣል። የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ስለ ሆነ ወጥ ቤት ላይ ካለ በተለይ ከዘይት ይጠበቅ።

2ኛ/ ለየዕለቱ ጽዳት ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ሽቦ አይነካው። በረኪናም የየዕለት ማጠቢያ አይሁን።

3ኛ/ ትልቁ ጠላት አቧራ ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ነው፤ በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። በጫማ ሥር የገባ አሸዋ ወለሉን ይሞርደዋል። በር ላይ ጆንያም ቢሆን አንጥፉ። ሳትጠርጉ አትወልውሉ።

4ኛ/ ቡና ስናፈላ ጀበናውና ከሰሉ በቀጥታ እብነ በረድ ላይ አይቀመጡ፤ ማስቀመጫ ይደረግላቸው። እርጥብ ቄጠማም ሲያድር አረንጓዴ ቀለሙን ስለሚለቅ ማታውኑ ይነሣ። ቄጠማው ይቅር አላልንም፤ ቄጠማ የሌለው በዓል ምን በዓል ነው! ከሥሩ ምንጣፍ ይሁን እንጂ።

5ኛ/ የቡና ወይም የቄጠማ እድፍ በነጭ እብነ በረድ ላይ ከሰረገ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የጠመኔ ዱቄት እንደ ሊጥ ተቦክቶ በእድፉ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይለጠፍ። በላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ቀን ይደር፤ ከዚያ ላስቲኩ ተነሥቶ ይድረቅና ይጠረግ። እንደ አስፈላጊነቱ ይደገማል። በጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ቀለሙን ሊያነጣው ስለሚችል አስቀድሞ በጥግ ይሞከር። ከሌላ ማጽጃ ጋር ማደባለቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። ትኩስ የዘይት ጠብታ ሲሆን ሳይሹት ደረቅ የጠመኔ ዱቄት አልብሶ ማሳደር ነው።

6ኛ/ አሲድ የበላው ወለል በማጠብ አይመለስም፤ እድፍ ሳይሆን ቁስል ነውና። መመለሻው መሞረድ ነው። ውሃ እያጠጡ በቁጥር 400፣ ከዚያ 800፣ ከዚያ 1500 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ሳይዘሉ ማሸት። ለሰፊ ወለል ባለሙያና ማሽን ይጠራ። በደረቁ የሚሠራ ሰው ግን ከግቢ ይውጣ! የድንጋይ ብናኝ፣ በተለይ የግራናይትና የአሸዋ ድንጋይ፣ ሳንባ ይጨርሳል። ውሃና የአፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ናቸው። ቫርኒሽም አትቀቡበት፤ እርጥበት ያፍናል፣ ይላጣል።

7ኛ/ ለድንጋይ ግድግዳ ከሁሉ በፊት ውሃውን ማራቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል። አሸንዳ ይጠገን፤ ቦይ ይጠረግ፤ ከግድግዳ ሥር የተከመረ አፈር ይነሣ። ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ የረገፈው መጋጠሚያ በእጅ መሣሪያ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይጫር፤ በመቁረጫ ማሽን አይደለም፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ግድግዳው በውሃ ይርጠብ። አንድ እጅ በውሃ የበረደ ኖራ በሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ተለውሶ ይታመቅ፤ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ለበርካታ ቀናት እንዳይደርቅ ይጠበቅ። ኖራ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች ይራቁ፣ ሠሪው ዓይኑን ይከልል።

የቆምንለት ነገር

ወገኖቻችን፣ ጭቅጭቃችን ስለ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ሲበላሽ ሁልጊዜ የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑ ነው ያስቆጣን። ሳሎኑ ሲነጣ ሠራተኛዪቱ ትከፍላለች፤ ግድግዳው ሲያምር አዛውንቱ ጎረቤት በእርጥበት ይከፍላሉ፤ ወለሉ ሲሞረድ የቀን ሠራተኛው በሳንባው ይከፍላል። ውበት ለአንዱ፣ ዕዳው ለሌላው ከሆነ ምኑን ውበት ሆነ?

ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን በጥብቅ ያሳስባል። የልጅቱ ደሞዝ ከሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ በፊት ይከፈል። ማንም ሰው ለቤት ሠራተኛ ስም የሌለው ጠርሙስ አይስጥ፤ ከሰጠም ጓንት ይስጥ፣ መስኮት ይክፈት፣ ለጉዳቱም ራሱ ይጠየቅ። በሰፈራችን ያሉ ባለ ሱቆች አሲድ ሲሸጡ ምን እንደ ሆነና ከበረኪና ጋር እንደማይደባለቅ በአፋቸው ይናገሩ። የጋራ ግድግዳ ያላቸው ጎረቤቶች አንዱ ከመለሰኑ በፊት ሌላውን ያማክር።

ኖራ የማቡካትና መጋጠሚያ የመሙላት ሥራ የሚያውቁ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ግንበኛ ለማሳየት ፈቃደኛ ሆነዋል። በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት በአዛውንቱ ጎረቤታችን ግድግዳ ላይ ሥራው ይጀመራል። ሲሚንቶውን የለሰኑት ጎረቤታቸውም እንዲገኙ በአክብሮት ጋብዘናቸዋል። አካፋ ያለው አካፋ፣ ጆንያ ያለው ጆንያ ይዞ ይምጣ። ሠራተኛዪቱም ትምጣ፤ ቡናውን ግን በዚያን ቀን እኛ እናፈላለን፤ እሷ ትቀመጥ።

የመንደሩ ነዋሪዎች ማኅበር የሽምግልና ኮሚቴ