በሲቢሲ ወረቀት ላይ ያሉትን ትናንሽ ኮረብታዎች አይታችኋል?

ውድ ወላጆች፣ የልጃችሁን የደም ምርመራ (ሲቢሲ) ውጤት ስትቀበሉ መጀመሪያ የምታዩት ከቁጥሮቹ ጎን ያለውን ቀስት ነው። ቀስት ከሌለ «ደሙ ደህና ነው» ብላችሁ ወረቀቱን ታጥፋላችሁ። ብዙ ማሽኖች ግን ከቁጥሮቹ ጋር ኮረብታ የሚመስሉ ትናንሽ ስዕሎችንም ያትማሉ። ሂስቶግራም ይባላሉ። እነሱ ሳይታዩ ውጤቱ በደንብ ታይቷል ማለት አይቻልም ባይ ነኝ።

አነባበቡ ከባድ አይደለም። ከታች ያለው አግድም መስመር የሴሎቹን መጠን ያሳያል፤ ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር ሴሉ ትልቅ ነው። ከፍታው ደግሞ በዚያ መጠን ምን ያህል ሴል እንደተቆጠረ ይነግረናል።

የጤናማ ቀይ የደም ሴሎች ስዕል አንድ ጫፍ ያለው ኮረብታ ነው።

👉 ወደ ግራ ከተገፋ ሴሎቹ አንሰዋል፤ አንዱ የተለመደ ምክንያት የአይረን እጥረት ነው።
👉 ወደ ቀኝ ከሄደ ሴሎቹ ተልቀዋል፤ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት ሊሆን ይችላል።
👉 ሰፊ ከሆነ ወይም ሁለት ጫፍ ካለው ትናንሽና ትልልቅ ሴሎች ተቀላቅለዋል። ስፋቱን በቁጥር የሚናገረው አርዲደብሊው የሚባለው ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? አይረንም ቢ12ም ያነሰውን አዋቂ ሰው አስቡ። የሴሎቹ አማካይ መጠን (ኤምሲቪ) 90 ፌምቶሊትር ሊሆን ይችላል። የአዋቂ መደበኛ ልክ ከ80 እስከ 100 ስለሆነ ኤምሲቪው ላይ ቀስት አይኖርም። አማካዩ ሁለቱንም ችግር ሸፈነ ማለት ነው። አይረን ብቻ ተሰጥቶት ቢሄድ የቢ12 እጥረቱ ይቀራል፤ ሳይታከም ከቆየ ደግሞ ነርቭን ይጎዳል።

⚠️ ነገር ግን ስዕሉን አይታችሁ ራሳችሁ መድኃኒት እንዳትገዙ። ደም የተሰጠው ወይም አይረን ጀምሮ እየተሻለው ያለ ሰውም ሁለት ጫፍ ሊያሳይ ይችላል። የልጆች መደበኛ ልክ በዕድሜ ይለያያል። አይረንም ከመጠን ካለፈ ሕፃናትን ይመርዛል።

ከእናንተ የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው፦ የድሮውን ውጤት ከአዲሱ ጋር ይዛችሁ ኑ፤ ሐኪማችሁንም «ኮረብታው ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ማስረዳት ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

ለሌሎች ወላጆችም ሼር አድርጉላቸው።